ንግድ ሲከስር የሱቅ ኪራይ ውልን ከጊዜው በፊት መዝጋት፦ ለድሬዳዋ ነጋዴዎች የአሠራር መመሪያ

ሱቅ መዝጋት ቀላል ነው፤ ከባዱ ኪራዩን መዝጋት ነው። ሸቀጡን አራግፎ፣ ሠራተኛውን አሰናብቶ፣ በሩን ቆልፎ ከሄደ ከወራት በኋላ የፍርድ ቤት መጥሪያ የሚደርሰው ነጋዴ ጥቂት አይደለም። በሩን ቆለፈ እንጂ ቁልፉን በጽሑፍ አላስረከበም። ኪራይ መቆጠሩን የሚያቆመው ሥራው በቆመበት ቀን ሳይሆን፣ አከራዩ «ቤቱን ተረክቤያለሁ፣ ቀሪ ጥያቄ የለኝም» ብሎ በፈረመበት ቀን ነው። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል በሙሉ ያችን ወረቀት ለማግኘት ነው።

መቼ ይጀመር?

ከሸቀጡ ዋጋ በኋላ የሚቀረው ገንዘብ ለሁለት ተከታታይ ወራት ኪራዩን ካልሸፈነ፣ እጅዎ ላይ የ3 ወር ኪራይ የሚሆን ገንዘብ ሳለ ይጀምሩ። «ረመዳን ይግባ»፣ «ቁልቢ ይለፍ» እያሉ መጠበቅ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን በዓሉ ሲያልፍ የሚቀረው ብዙ ጊዜ ውዝፍ ነው። ኪራዩን አጠናቅቆ የከፈለ ተከራይ ይደራደራል፣ ውዝፍ ያለበት ይለምናል። ከዚህም በላይ ውዝፍ ካለብዎ ውሉን ያፈረሱት እርስዎ ይሆናሉ፤ ገደብ (ውል ያፈረሰ ወገን የሚከፍለው ቅጣት) የመጠየቅ መብቱም ወደ አከራዩ ይዞራል።

1. ውሉን አውጥተው በእስክሪብቶ ያንብቡ

በመጀመሪያ የውሉን ዘመን ይዩ። ብዙ የከዚራና የመጋላ ሱቆች ከዓመታት በፊት ለአንድ ዓመት ተፈርመው፣ ከዚያ ወዲህ አዲስ ውል ሳይጻፍ በወር በወር እየተከፈለባቸው የሚኖሩ ናቸው። የእርስዎም እንዲህ ከሆነ «ከጊዜው በፊት መውጣት» የሚባል ችግር የለብዎትም። ዘመኑ ካለቀ በኋላ አከራዩ ሳይቃወም የቀጠለ ኪራይ ጊዜው እንዳልተወሰነ ውል ይቆጠራል፤ ማስታወቂያ ሰጥቶ መውጣት ይቻላል። ቢያንስ አንድ ሙሉ የክፍያ ጊዜ አስቀድመው በጽሑፍ ያሳውቁና ወደ ርክክቡ (ተራ ቁጥር 6) ይለፉ።

ዘመኑ ካላለቀ የሚከተሉትን ፈልገው ያስምሩባቸው።

የፈራሚው ስም። ውሉን የፈረሙት በግል ስምዎ ነው ወይስ በማኅበሩ ስም? ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ካለዎትና ውሉ በማኅበሩ ስም፣ በሥራ አስኪያጅነትዎ ከተፈረመ ዕዳው የማኅበሩ ነው። በግል የንግድ ፈቃድ የሚሠራ ሰው ግን ቤቱም መኪናውም ለዕዳው መልስ ይሰጣሉ።

ገደብ። ውሎቻችን መጨረሻ ላይ «ውሉን ያፈረሰ ወገን ለመንግሥት ይህን ያህል፣ ለውል አክባሪው ይህን ያህል ብር ገደብ ከፍሎ ውሉ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731 መሠረት የፀና ይሁን» የሚል ዓረፍተ ነገር አላቸው። ሁሉም ሳያነብ የሚፈርመው፣ ሲከስር ግን ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ይህ ነው። ገደብን የሚመለከተው ሕግ ከቁጥር 1889 ይጀምራል። ሁለት ነገር ልብ ይበሉ፦ ገደቡ የተጻፈው ለመዘግየት ወይም ለሌላ ተጨማሪ ግዴታ ካልሆነ በስተቀር፣ አከራዩ ውሉ እንዲፈጸምና ገደቡም እንዲከፈል በአንድነት መጠየቅ አይችልም። ውሉ በከፊል ተፈጽሞ ከሆነ ደግሞ ፍርድ ቤት ገደቡን ሊቀንሰው ይችላል። ከ36 ወር 22ቱን ኖረው ከፍለው ከሆነ ይህ ክርክር የእርስዎ ነው።

ቀብድ ወይስ መያዣ? በውሉ መግቢያ ላይ የከፈሉት ገንዘብ ምን ተብሎ እንደተጠራ ቃሉን ራሱን ይፈልጉ። በቁጥር 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ቀብዱን ለቆ ውሉን ሊተው ይችላል፤ የተቀበለው ወገን ቢተው እጥፍ ይመልሳል። መያዣ ወይም ዲፖዚት የተባለው ግን ለጉዳትና ለውዝፍ መጠባበቂያ ስለሆነ መውጫ በር አይሆንም። ኪራዩ ለወራት ከተሠራበት በኋላ አከራዩ «ቀብዱ ወደ ኪራይ ተቀይሯል» ብሎ መከራከሩ አይቀርም፤ ስለዚህ ቃሉ ለድርድር ይጠቅማል እንጂ ብቻውን አይተማመኑበት።

ለሦስተኛ ወገን ማስተላለፍ። «ያለ አከራዩ የጽሑፍ ፈቃድ ማስተላለፍም ማከራየትም አይቻልም» የሚል ካለ፣ የተከራይ አከራይ መሆን ውል ማፍረስ ነው።

ቼክ። ለኪራይ ዋስትና ብለው የሰጡት ቼክ ካለ ከገደቡም ከመያዣውም በላይ አደገኛው እሱ ነው። የቼክ ጠባዩ ለባንክ ሲቀርብ መከፈል ነው፤ «ለመያዣ የተሰጠ ነበር» ማለት ብዙም አያድንም። በቂ ገንዘብ የሌለው ቼክ አውቆ ማውጣት በወንጀል ሕጉ ቁጥር 693 ያስቀጣል። የኪራይ ክርክር በአንድ ቼክ ምክንያት ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሊዞር ይችላል። ስለዚህ በድርድሩ መጀመሪያ የሚጠይቁት ቅናሽ ሳይሆን የቼኩን መመለስ ይሁን።

ዋስ። ዘመድ ወይም ጓደኛ ዋስ ሆኖ ከፈረመ፣ በቁጥር 1922 መሠረት ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ ልክ በግልጽ መጻፍ አለበት፤ ካልተጻፈ ዋስትናው ውጤት የለውም። ያም ሆነ ይህ ዋሱን አስቀድመው ያማክሩት። ከአከራዩ አፍ ቢሰማው ዝምድናውም ይጎዳል፣ ድርድሩም ይበላሻል።

2. ሕጉ የት ድረስ እንደሚረዳዎት ይወቁ

«ገበያ ጠፋ፣ ዶላር ጨመረ፣ ስለዚህ ውሉ ይፍረስልኝ» የሚለው ክርክር አይሄድም። ቁጥር 1764 ውል ለመፈጸም ከታሰበው በላይ ከባድ ስለሆነ ብቻ እንደማይቀር ይናገራል። ቁጥር 1792 ከአቅም በላይ የሚለው ሊታሰብ ያልቻለና መፈጸምን ፈጽሞ የሚከለክል ነገርን ነው፤ ቁጥር 1794 ደግሞ የጥሬ ዕቃ ዋጋ መውጣትና መውረድን፣ ግዴታን የሚያከብድ አዲስ ሕግ መውጣትንም ከዚህ ውጭ ያደርጋቸዋል። የደቻቱ ጎርፍ ሱቁን አፍርሶት ከሆነ ሌላ ነገር ነው። የሽያጭ መቀዝቀዝ ግን አይደለም።

የሚረዳዎት ቁጥር 1802 ነው፦ ውል አልተፈጸመልኝም የሚል ወገን ጉዳቱ እንዳይበዛ የሚቻለውን ማድረግ አለበት። አከራዩ ቤቱን ተረክቦ ማከራየት ሲችል ባዶ አስቀምጦ የ14 ወር ኪራይ ቢጠይቅ፣ «ተተኪ አምጥቼለት እምቢ አለ» የሚለው ማስረጃ ትልቅ ክብደት አለው። ይህን ማስረጃ ግን ከአሁኑ መሰብሰብ አለብዎት፤ እንዴት እንደሆነ ወደ ታች አለ።

አንድ የተለመደ ስሕተት እናርም። በ2016 የወጣው የኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ቢያንስ የሁለት ዓመት ውል፣ ከሁለት ወር ያልበለጠ ቅድሚያ ክፍያ የሚለው ለመኖሪያ ቤት ነው። ሱቅን አይመለከትም። ይህን አዋጅ ይዞ አከራይ ፊት የቀረበ ነጋዴ መጀመሪያውኑ ያላወቀ መስሎ ይታያል።

3. ሒሳቡን በአንድ ገጽ ይሥሩ

ለምሳሌ ያህል፦ ኪራይ በወር 25,000 ብር፣ ውሉ 36 ወር፣ የቀረው 14 ወር፣ መያዣ የሁለት ወር (50,000 ብር)።

እስከ መጨረሻው ቢጠየቁ ጣሪያው 14 × 25,000 = 350,000 ብር ነው። ሱቁ ክፍት ሆኖ ከሸቀጥ ዋጋ በኋላ 18,000 ብር በወር ቢያስገባ፣ ለሠራተኛ፣ ለመብራትና ለጥበቃ 14,000 ቢወጣ፣ ኪራዩ ሲጨመር የወር ኪሳራው 21,000 ብር ይሆናል። ዘግተው ኪራይ ቢከፍሉ ግን 25,000 ይከስራሉ። ይህ ልዩነት የሚነግርዎት ነገር አለ፦ ገቢው የሠራተኛውንና የመብራቱን ወጪ እስከሸፈነ ድረስ፣ ስምምነቱ እስኪፈረም ሱቁ ክፍት ይሁን። የማይሸፍን ከሆነ ዛሬውኑ ሽያጭ ያቁሙ፤ ቁልፉን ግን ያዙ።

አሁን የአከራዩን ሒሳብ ይሥሩ። ሱቁ ሁለት ወር ባዶ ቢቀመጥ የሚያጣው 50,000 ብርና የደላላ ክፍያ ነው። ስለዚህ ያንን መያዣ መልቀቅ ለእሱ ተመጣጣኝ ነው። የመጀመሪያ ሐሳብዎ «ተተኪ ተከራይ አመጣለሁ፣ መያዣዬ ይመለስልኝ» ይሁን፤ ሁለተኛው «መያዣው ይቅርልዎ»፤ ጣሪያዎ መያዣውና አንድ ተጨማሪ ወር፣ ማለትም 75,000 ብር። ይህ ሦስት ወር ተኩል ያህል ከስሮ ከመቀመጥ ጋር እኩል ነው። ጣሪያዎን ለማንም አይንገሩ፣ ለደላላው በተለይ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን በዚያው መንገድ ላይ ያሉ ሦስት ሱቆችን የአሁን ኪራይ ይጠይቁ። ውልዎ የቆየ ከሆነና ገበያው 35,000 ደርሶ ከሆነ፣ መውጣትዎ ለአከራዩ ትርፍ ነው። እንዲህ ሲሆን ገደብ መክፈል የለብዎትም። መያዣዎን አስመልሰው፣ ለሠሩት የአልሙኒየም ክፍልፋይና መደርደሪያም ዋጋ ይጠይቁ። ብዙ ሰው ይህን ሳያጣራ በሐዘን ድምፅ ይገባና ከፍሎ ይወጣል።

በዚሁ ገጽ ላይ የሠራተኛ ሰርቪስ (የስንብት ክፍያ) ይጨምሩ፤ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስሌቱ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት የ10 ቀን ነው፤ የማስጠንቀቂያ ጊዜው ለብቻው ይታሰባል። የባንክና የአቅራቢ ዕዳዎ ካለዎት ሀብት ሁሉ የሚበልጥ ከሆነ ጉዳዩ ከኪራይ አልፏል። የንግድ ሕጉ (አዋጅ ቁጥር 1243/2013) ስለ መልሶ ማደራጀትና ስለ ኪሳራ የራሱ ክፍል ስላለው ለአንዱ አከራይ ከመክፈልዎ በፊት ጠበቃ ያማክሩ።

4. ተተኪ ተከራይ ይፈልጉ

በአከራይ ዓይን ከይቅርታም ከሽማግሌም የሚበልጥ ነገር ቢኖር ገንዘብ ይዞ የቆመ ሌላ ተከራይ ነው። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ባዶ ሱቁን ለሌላ ማሳለፍ ነው። ሁለተኛው የንግድ መደብሩን እንዳለ፣ ከነዕቃው፣ ከነደንበኛውና ከነኪራይ መብቱ መሸጥ ነው። ካፌ፣ ፀጉር ቤት፣ ጁስ ቤት ላይ ሁለተኛው ይሻላል፤ ተነቅሎ ሲሸጥ ዋጋ የሚያጣ ዕቃ ስለሚበዛባቸው። የልብስና የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ግን ሸቀጡን ለብቻ አራግፎ ባዶውን ማስተላለፍ ይቀላል።

ወቅት ያስቡ። ሆቴልና ምግብ ቤት የሚከፍት ሰው ከታኅሣሥ 19ኙ የቁልቢ ንግሥ በፊት ገብቶ መሥራት ይፈልጋል፤ የልብስ ነጋዴ ከረመዳን በፊት። የሙቀቱ ወራት ላይ ፈላጊ ይቀንሳል።

ደላላ ሲይዙ ክፍያው ማን ላይ እንደሆነና መቼ እንደሚከፈል አስቀድመው ይነጋገሩ፤ ክፍያው አዲሱ ውል ሲፈረም ይሁን እንጂ ሰው ሲያሳይ አይሁን። ዕቃው በባንክ ወይም በማይክሮፋይናንስ ብድር የተያዘ ከሆነ ሳያስለቅቁ አይሽጡ፤ የተንቀሳቃሽ ንብረት መያዣ በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 ስለሚመዘገብ ገዢው አጣርቶ ሊደርስበት ይችላል።

እዚህ ላይ የሚሳሳቱት ብዙዎች ናቸው፦ ተተኪው ገንዘብ ሰጥቷቸው፣ ቁልፍ ተቀብሎ፣ በእነሱ ስም ባለው ውል መሥራት ይጀምራል። አከራዩ ከእሱ ጋር አልተዋዋለም። ሰውየው መክፈል ሲያቆም የሚከሰሰው የድሮው ተከራይ ነው። ትክክለኛው አካሄድ በአንድ ቀን፣ በአንድ ጠረጴዛ የእርስዎ ውል ፈርሶ የአዲሱ መፈረሙ ነው።

ሁለት ወይም ሦስት ተተኪ ያቅርቡ፤ እያንዳንዱን ያቀረቡበትን ቀን፣ ሊከፍል ያሰበውን ኪራይና የአከራዩን መልስ በቴክስት ወይም በደብዳቤ ያስቀሩ። በቁጥር 1802 የሚያስፈልግዎ ማስረጃ ይኸው ነው።

5. ከአከራዩ ጋር መነጋገር፣ ከዚያም መጻፍ

ከመነጋገርዎ በፊት የሚያነጋግሩት ሰው የመፈረም ሥልጣን እንዳለው ያጣሩ። የድሬ ሕንፃ ባለቤት ጅቡቲ፣ ሳዑዲ ወይም አሜሪካ ሊሆን ይችላል፤ ኪራዩን የሚሰበስበው ወንድም ወይም የአጎት ልጅ ነው። ውክልናውን ይጠይቁ። ኪራይ መሰብሰብና ማስተዳደር የሚል ብቻ ከሆነ አይበቃም፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 መሠረት መታረቅ ወይም ክርክርን በስምምነት መጨረስ ልዩ ውክልና ይፈልጋል። ባለቤቱ ሞቶ ከሆነ ወራሾቹ ሁሉ፣ ወይም ሁሉም የወከሉት ሰው መፈረም አለባቸው። አንዱ ወራሽ «እኔ እበቃለሁ» ቢልዎ በአክብሮት «እሺ ጋሼ፣ የሌሎቹም ፊርማ ይጨመርልን» ይበሉ።

የቤቱ ባለቤት ቀበሌ ወይም የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ከሆነ ነገሩ ይለያል፤ ድርድር ብዙም የለም፣ ማመልከቻ፣ የውዝፍ ማጣሪያና ርክክብ ነው። በተለይ እነዚህን ቤቶች በድብቅ ለሌላ ማስተላለፍ አደጋው ይከብዳል፤ ተይዘው ቢገኙ ቤቱም ገንዘቡም ይሄዳል።

ቀጠሮውን ማለዳ ወይም ከ11 ሰዓት በኋላ ያድርጉት። ቀትር ላይ በድሬ ሙቀት ሰው ትዕግሥት የለውም፣ ዓርብ ቀትር ደግሞ የጁምዓ ሰዓት ነው። ሁለቱም ወገን የሚያከብሯቸው ሁለት ሽማግሌዎች ካሉ ይዘው ይሂዱ። ብዙ ጉዳይ በርጫ ላይ ይጠናቀቃል፤ ችግር የለውም፣ ግን በበርጫ የተባለው በማግስቱ ካልተጻፈ እንዳልተባለ ይቁጠሩት።

ኪራዩ ውሉ ላይ 8,000፣ በእጅ ግን 25,000 ከሆነስ? ይህ በድሬም በሌላም ከተማ ያለ ነገር ነው። መያዣውም በእጅ ከተሰጠ ማስረጃ የለዎትም፤ ስለዚህ የባንክ ዝውውሮችንና መልእክቶችን ቀድመው ይሰብስቡ። «ለግብር ቢሮ እናገራለሁ» ማለት ግን በሩን ይዘጋል። ወረቀቱ ላይ የእርስዎም ፊርማ አለ።

ቃሉ ከተሰማ በኋላ በሦስት ቀን ውስጥ ደብዳቤ ይስጡ። አጭር ይሁን፦

«በ… ቀን የተፈራረምነውን የሱቅ ኪራይ ውል ይመለከታል። ንግዴ በመክሰሩ ቤቱን ከ… ቀን ጀምሮ ለመልቀቅ እፈልጋለሁ። እስከዚያው ቀን ያለውን ኪራይ እከፍላለሁ። የሚተኩኝን ተከራዮች ስም ከዚህ ጋር አቅርቤያለሁ። በውሉ ማፍረሻና በርክክቡ ላይ እስከ … ቀን እንድንፈራረም በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

ሁለት ቅጂ ይዘው አንዱ ላይ «ደርሶኛል» አስፈርሙ። ካልፈረመ በፖስታ ቤት በሪኮማንዴ (በአደራ ደብዳቤ) ልከው ደረሰኙን ያስቀምጡ። «ውሉን አፍርሻለሁ» ብለው አይጻፉ፤ «ለመልቀቅ እፈልጋለሁ» ይበሉ። የመጀመሪያው ራስን መክሰስ ነው።

የማፍረሻ ስምምነቱ እነዚህን ይያዝ፦

«እኛ አከራይና ተከራይ በ… ቀን የገባነውን የኪራይ ውል ከ… ቀን ጀምሮ በስምምነት አፍርሰናል። ተከራይ እስከዚህ ቀን ያለውን ኪራይ ከፍሎ ጨርሷል። ከመያዣው ብር … ለአከራይ ቀርቷል፣ ብር … ለተከራይ ተመልሷል። ቁጥሩ … የሆነ ቼክ ለተከራይ ተመልሷል። ዋሱ ከዋስትናው ነፃ ሆኗል። አከራይ የቀሪ ጊዜ ኪራይ፣ ገደብም ሆነ ካሳ አይጠይቅም፤ ተከራይም ለእድሳት ያወጣውን አይጠይቅም። አከራይ ቤቱንና … ቁልፎች ዛሬ ተረክቧል።»

«ገደብም ሆነ ካሳ» የሚለው ከቀረ ወረቀቱ ግማሽ ነው፤ ውሉ ፈርሷል ማለት ብቻ ገደቡን አያስቀርም። ሁለት ምስክር ያስፈርሙ። የመጀመሪያው ውል በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ጽሕፈት ቤት የተረጋገጠ ከሆነ ማፍረሻውም እዚያው ይረጋገጥ። በቁጥር 1722 ልዩ ፎርም የያዘ ውል የሚለወጠው በዚያው ፎርም ነውና። ገንዘብ በእጅ አይስጡ፤ በባንክ ወይም በቴሌብር ያስተላልፉና ምክንያቱን «የውል ማፍረሻ ክፍያ» ብለው ይጻፉ።

6. የቁልፍ ርክክብ

በቀን ብርሃን ያድርጉት። ከአንድ ሳምንት በፊት ሱቁን ባዶ ያድርጉ፤ አንድ ካርቶን እንኳ ውስጥ ቢቀር «ገና አልለቀቀም» ያሰኛል።

ታፔላውን አውርዱ፣ የግድግዳውን ቀዳዳ በስቱኮ ድፈኑ፣ የኤሲ ቱቦ የወጣበትን ክፍት አትተዉ። የድሬ ውሃ ኖራ የበዛበት ስለሆነ ቧንቧና የሽንት ቤት ታንክ ላይ የጠጠረውን አስነሱ፤ አከራይ ስንጥቅ ካጣ የሚያየው እሱን ነው። ምግብ ቤት ከነበረ የቅባቱን ፍሳሽ ጉድጓድ አስጠርጉ። ከግድግዳ ጋር የተያያዘን ነገር ግን ከአከራዩ ጋር ሳትነጋገሩ አትንቀሉ፤ አልሙኒየሙን ለማትረፍ ሲነቀል የሚሰበረው ሴራሚክ ከሚሸጥበት በላይ ያስከፍላል።

በርክክቡ ቀን የመብራትና የውሃ ቆጣሪ ቁጥርና ንባብ ይጻፋል፣ የመጨረሻ ቢሎቹ ይያያዛሉ። የካርድ ቆጣሪ ከሆነ ቀሪው ሒሳብ ለማን እንደሆነ ይጠቀስ። በስምዎ ያለ የኢንተርኔት መስመር ካለ አስቀድመው ያስቋርጡ፤ ካልተቋረጠ ወርሃዊ ክፍያው ይቀጥላል። እያንዳንዱን ግድግዳ፣ ወለል፣ በርና መስኮት በቪዲዮ ይቅረጹ። ቁልፎቹን ቆጥረው ቁጥሩን በጽሑፍ ያስገቡ፤ ሠራተኛው ዘንድ የቀረውን ጭምር።

7. አከራዩ እምቢ ካለ

ቁልፍ አልቀበልም የሚል አከራይ «ገና በእጅህ ነው» ለማለት ነው። ሁለት ምስክር ይዘው ሊያስረክቡት መሄድዎን በቃለ ጉባኤ ያስፍሩ፣ ቀኑን ጠቅሰው በሪኮማንዴ ይጻፉለት። እስከዚያ ቀን ያለውን ኪራይ ካልተቀበለዎ፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከቁጥር 1779 ጀምሮ ባለገንዘቡ አልቀበልም ሲል በፍርድ ቤት በኩል ስለማስቀመጥ ይደነግጋል። «መያዣው ይታሰብልኝ» ብለው ኪራይ ማቆም ግን ስሕተት ነው፤ አከራዩ ካልተስማማ ውዝፍ ይባላል።

በተቃራኒው፣ ውዝፍ አለብህ ብሎ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ሱቁን ከነዕቃዎ የሚያሽግ አከራይ ካጋጠመዎ፣ በቁጥር 1149 «ሁከት ይወገድልኝ» ብለው መክሰስ ይችላሉ፤ ይህ ክስ በሁለት ዓመት ይታገዳል። በር ሰብረው አይግቡ። በሌሊት ዕቃ ማሸሽም እንዲሁ፤ ክርክሩን ከገንዘብ ወደ ታማኝነት ያዞረዋል።

ድሬዳዋ ውስጥ የግለሰቦች የሱቅ ኪራይ ክርክር የሚታየው በፌዴራል ፍርድ ቤት ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 መሠረት ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ለአስማሚ ሊመራው ይችላል። ሐረር ያሉ የክልሉን ፍርድ ቤቶች ይጠቀማሉ። ጀጎል ውስጥ ላለ ሱቅ ደግሞ፣ ግንቡ ከ2006 የፈረንጆች ዘመን ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ስለሆነ፣ «እንደ ነበረ አድርጌ እመልሳለሁ» ብለው ግድግዳ ከመንካትዎ በፊት የቅርስ ቢሮውን ይጠይቁ። ውሉ ውስጥ የግልግል ዳኝነት አንቀጽ ካለ መጀመሪያ ወደዚያ ነው የሚኬደው።

8. ንግድ ፈቃድ፣ ግብር፣ ካሽ ሬጅስተር

ሱቁን ያስረከበ ሰው ይህን ይረሳዋል፤ ግብሩ ግን አይረሳውም። ፈቃዱ እስካልተመለሰ ድረስ የግብር ግዴታው ይቀጥላል። የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝጋቢ ከሆኑ ሽያጭ ባይኖርም ባዶ ሪፖርት በየጊዜው ማቅረብ አለብዎት፣ ካልቀረበ ቅጣት ይደራረባል። መዝጋትዎን ለገቢዎች በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ካሽ ሬጅስተሩ በአድራሻው ስለተመዘገበ ሳያሳውቁ ከሱቁ አያንቀሳቅሱት፣ አይሽጡትም፤ የመጨረሻው ሪፖርት ተነቦ ምዝገባው እንዲሰረዝ ያድርጉ። የግብር ክሊራንስ (የግብር ዕዳ የለበትም የሚል ማረጋገጫ) ይዘው ፈቃዱን በንግድ ቢሮ ይመልሱ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ያበቃል፤ ከዚያ በፊት ቢጨርሱ የአዲሱን ዓመት እድሳትና ሪፖርት ጣጣ ያመልጣሉ።

ይህ ለድርድሩም ይጠቅማል። በአንድ የቤት ቁጥር ላይ የድሮው ተከራይ ፈቃድ ሳይነሳ አዲሱ ተከራይ ሲያመለክት ጉዳዩ ሊጓተት ይችላል። አከራዩ ይህን ያውቃል። «ፈቃዴን በዚህ ቀን መልሼ ማስረጃውን እሰጥዎታለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር በስምምነቱ ውስጥ ቢያስገቡ፣ መያዣዎን ለማስመለስ አንድ ተጨማሪ ምክንያት ሰጡት ማለት ነው።

የማፍረሻ ስምምነቱን፣ የርክክብ ወረቀቱን፣ የባንክ ማስረጃዎቹንና ቪዲዮውን ቢያንስ ለ10 ዓመት ያስቀምጡ፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1845 ከውል የሚመነጭ ክስ በጥቅሉ የሚታገደው በ10 ዓመት ነው። የተመለሰውን ቼክ ግን ዋና ቅጂውን ቀደው ፎቶውን ያስቀሩ።